ሮማ በእግር

ዶክተሩ ጉልበቷን ሲያጥፈውና ሲዘረጋው ውድነሽ ፊቷን አልቋጠረችም። በኮምፒውተሩ ላይ አጥንትና አጥንቷ የተነካካበትን ፎቶ እያሳያት «በጣም ሊያምዎት ይገባ ነበር» አላት። «ይገባ ይሆናል» አለችው። እሱም ትከሻውን ሰብቆ፣ በጥቅምት ጉልበቷ ተከፍቶ ብረት እንዲገባበት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሰጣት። እስከዚያ ብዙ እንዳትሄድ፣ ዳገትና ደረጃም እንዳታበዛ አስጠንቅቆ አሰናበታት። ውድነሽ እሺ ብላ አመስግና ወጣች። ከዚያ ከፍራንክፈርቱ ሆኽስት ሰፈር እስከ ኡንተርሊደርባህ ቤቷ ድረስ አውቶቡሶቹ እያለፏት በእግሯ ሄደች።

ስድሳውን ካለፈች ቆይታለች። ወጉ ቢሆን አንቱ ልንላት በተገባ ነበር። ግን ውድነሽ አንቱ ሲሏት «ማን መጣ?» ብላ ወደ ኋላዋ የምትዞር ሴት ስለሆነች እኛም ትተነዋል። ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሰው አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ ነው። ጡረታ ከወጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ውድነሽ ሞኝም ወረቀትም አይደለችም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም። የያዘችው ደግሞ ስለት ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በደርግ ጊዜ ነው። የልጇ የቤዚ አባት ለዘመቻ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ውድነሽም ገና ጡት የጣለችውን ልጅ ለታላቅ እህቷ ለአፀደ ሰጥታ፣ ሮማ ከተማ አንዲት ጣሊያን ወይዘሮ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሌሎቹ ሐበሾች ባቡር ጣቢያው አካባቢ ተሰብስበው የአገር ወሬ ሲያወሩ እሷ ብቻዋን ከተማውን ታካልላለች። ልጅ ያላት ሴት ሁሉ ልጇን እጇን ይዛ ስታልፍ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ኤርትራዊ «ከቫቲካን ግንብ ውስጥ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ድሮ በእግራቸው የሚመጡ መነኮሳት የሚያርፉበት፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል» አላት። በዚያው ሄደች። ዘበኞቹ አላስገቧትም። ግንቡን ተከትላ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ በጀርባ በኩል ግንቡ የሚታጠፍበት አንድ ጥግ ላይ ቆመች። ከግንቡ በላይ ከዛፍ ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

የአገሯ ሰው ግን የቤተ ክርስቲያን በር ቢዘጋበት ቅጥሩን ይሳለማል፤ ቅጥሩ ቢርቀውም ከማዶ ሆኖ ይሳለማል። ውድነሽ ግንባሯን ግንቡ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ካለቀሰች በኋላም ተሳለች። «ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ የልጄን ዓይን አሳየኝ። እኔም በእግሬ፣ እሷም በእግሯ፣ ይዣት እዚሁ መጥቼ አሳይሃለሁ።»

ስለቱ ሰመረ። ውድነሽ ከሮማ በባቡር ፍራንክፈርት ገባች፤ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንታ ወረቀቷ ሲያልቅላት ቤዚን አስመጣቻት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አየር ማረፊያው ላይ ከመንገደኞቹ መሐል ብቅ ስትል ውድነሽ ያወቀቻት በአረማመዷ ነው፤ እንደ አባቷ እግሯን ወደ ውጭ ትጥል ነበር።

ቤዚ «እማዬ» እያለች ያደገችው አክስቷን አፀደን ስለሆነ እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት፦ ውድዬ ትላታለች። በአያትና በአክስት እጅ ያደጉ የአገራችን ልጆች እንዲህ ናቸውና ሐበሻ አይገርመውም፤ የሚገርማቸው ጀርመኖቹ ናቸው። ውድነሽም ለምዳዋለች። ያልለመደችው፣ ቤዚ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተጣልተው የተናገረቻትን አንዲት ነገር ነው። «ጥለሽኝ ሄድሽ!» ብላት ነበር። በጀርመንኛ ነው ያለቻት። ውድነሽ ያን ጊዜ ጀርመንኛዋ ገና ቢሆንም ያቺ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባቻት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ግንብ ለልጇ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ስለት ሳይደርስ አይወራም የምትለውን የእናቷን ቃል ምክንያት ታደርጋለች፤ እውነቱ ግን ፈርታ ነው። «እኔን ጥለሽ ከግንብ ጋር ታወሪ ነበር?» ብትላት ምን ትመልሳለች? ስለዚህ ምክንያቱን ሳትናገር ዝም ብላ «ሮማ እንሂድ» ትላታለች። ቤዚ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ «ዲንስት አለኝ» ትላለች፣ ተረኛ ነኝ ማለቷ ነው። በዓመቱ ደግማ ትጠይቃታለች፤ «ኡርላውቤን፣ የዓመት ፈቃዴን፣ ጨረስኩት» ትላለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ሮማ ምን አለ? ለምን ማሎርካ ደሴት አንሄድም፣ ባሕሩ ዳር ትተኛለሽ» ብላታለች። ውድነሽ ባሕር ዳር የምትተኛ ዓይነት ሴት መስላ ታየቻት መሰለኝ።

እና አሁን የጥቅምቱ ቀጠሮ ከፊቷ ተደቀነ። ዶክተሩ ብረቱን ካስገባ በኋላ የሚሄደው ማን ነው? «በእግሬ» ብሎ ተስሎ በብረት መምጣት ቅዱሱን ማታለል አይሆንም ወይ? የነፍስ አባቷን አባ ገብረ ክርስቶስን ብትጠይቃቸው «ይቅር ይልሻል» እንደሚሏት ታውቃለች። ስለምታውቅም አልጠየቀቻቸውም።

በሰፈሩ የአረጋውያን የእግር ጉዞ ቡድን አለ። የሚመሩት ፍራው ሃርትቪግ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ፊሽካቸው ግን እስካሁን ካንገታቸው አልወረደም። ቡድኑ በየጸደዩ አንድ የታወቀ ከተማ ሄዶ ታሪካዊ ቦታዎቹን በእግሩ ይጎበኛል። በዚህ ዓመት ተራው የሮማ መሆኑን ውድነሽ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አነበበች። ዳቦውን ሳትገዛ ሄዳ ተመዘገበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ኒዳ ወንዝ ዳር ውሻውን ሲያንሸራሽር እሷ ጉልበቷን ታንሸራሽር ጀመር። ጧት ላይ ይደነድናል፤ ሲሞቅ ይላላል፤ ማታ ይቀጣታል። የጥቅል ጎመን ቅጠል በረዶ ላይ አቀዝቅዛ ትጠመጥምበታለች፤ ሲነጋ ደግሞ ትወጣለች። የሷ እግር በዚህ መላ አገኘ። የቤዚን እግር በምን እንደምታመጣው ግን ገና አላወቀችም ነበር።

መላው የመጣው ሳታስበው ነው። ፍራው ሃርትቪግ ከጉዞው በፊት ሁሉም ሰው መቻሉን ለማየት የሙከራ ጉዞ አደረጉ፤ ከኡንተርሊደርባህ ተነስቶ በሆኽስት አሮጌ ከተማ አልፎ ማይን ወንዝ ዳር የሚወርድ ነው። ውድነሽ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። አሮጌው የዩስቲኑስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ ግን እንደ ልማዷ ወደ ጎን ወጣች። ታቦት ይኑረው አይኑረው ጠይቃ አታውቅም፤ መስቀል ካለበት ትሳለማለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አደረገች። እዚያው ዓይኗን ጨፍና ስለ ሮማ ጉዳይ ትንሽ አወራች። ትንሽ ቆየች።

ፍራው ሃርትቪግ ዞር ሲሉ ያዩት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ግድግዳ ላይ ተደፍታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው። ፊሽካው ተነፋ። ሁለት ሽማግሌዎች ሮጠው በብብቷ ገቡ፤ አንዲቱ ውሃ አጠጣቻት፤ አንዱ አምቡላንስ ጠራ፤ ሌላው በመመዝገቢያዋ ላይ ለሰፈረው ለልጇ ስልክ ደወለ። ውድነሽ «ኧረ ደህና ነኝ፣ እየተሳለምኩ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ለመሳለም ጀርመንኛ አጣችለት። ቃሉን ስትፈልግ አምቡላንሱ ደረሰ። ከአምቡላንሱ ኋላ ደግሞ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ታክሲ ይዛ ቤዚ መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው? ውድዬ! ምን ተሰማሽ?»

ፍራው ሃርትቪግ በዝርዝር አስረዷት። ቤዚም ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ብቻዋን ሮማ ልትሄድ መሆኑን ሰማች። ፊቷ ቀላ።

«በዚህ ጉልበት? አትሄጂም። ፈርጊስ ኤስ፣ እርሺው።»

«እሄዳለሁ» አለች ውድነሽ።

«ያለ ቤግላይቱንግ፣ ያለ አጃቢ፣ አልወስዳቸውም» አሉ ፍራው ሃርትቪግ። «አጠገባቸው ሰው ካለ ግን ይችላሉ።»

ውድነሽ ያገኘችውን ቃል ዋጠችው። መሳለምን እንዴት እንደምታስረዳቸው አሁን ትዝ ብሏት ነበር፤ ግንባሯን አንዴ አሳይታ ወደ ሰማይ ብትጠቁም ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ራሷን ደገፍ አድርጋ «እግዜር ያውቃል፣ ብወድቅም መንገደኛ ያነሳኛል» አለች፤ ድምጿም ሲደክም ተሰማት። ቤዚ አምቡላንሱን አየች፤ እናቷን አየች፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እሺ። ኡርላውብ እጠይቃለሁ። ግን ሮልሽቱል፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ እንይዛለን፤ ደከመኝ ስትዪ ትቀመጫለሽ።»

ውድነሽ ፈገግታዋ እንዳይታይባት ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ አለች። ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ አልነበረውም።

በግንቦት ሮማ ገቡ። የታጠፈው ተሽከርካሪ ወንበርም አብሯቸው ገባ፤ ቤዚ «ጋሪው» ትለዋለች። አስጎብኚያቸው ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትሄድ ወጣት ጣሊያናዊት ናት። የመጀመሪያውን ቀን ኮሎሴዮንና የፎረሙን ፍርስራሽ ዞሩ። ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ውድነሽ ከፊት ፊት ትሄዳለች፤ ቤዚ ባዶ ጋሪዋን በዚያ በጥንት ድንጋይ ላይ እያንገጫገጨች ትከተላለች። «ተቀመጪ» ትላለች። «ትንሽ ቆይቼ» ትላለች ውድነሽ። ማታ ሆቴል ስትገባ ጉልበቷ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር፤ ቤዚ መታጠቢያ ቤት እስክትገባ ጠብቃ አሸችው።

በሁለተኛው ቀን ችግሩ ጉልበት ብቻ አልነበረም። ሮማ ማለት በየመታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን ያለባት ከተማ ናት፤ ውድነሽ ደግሞ ሳትሳለም ማለፍ አትችልም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። የአስጎብኚዋን ጃንጥላ ቀድማ ትሄዳለች፤ ተሳልማ ስትጨርስ ቡድኑ ይደርስባታል። ፓንተዎን ላይ ግን ተቸገረች። መስቀሉን አይታ ትልቁን ምሰሶ ከተሳለመች በኋላ አስጎብኚዋ «ይህ የጣዖታት ሁሉ ቤተ መቅደስ ነበር» ስትል ሰማች። ውድነሽ ደንግጣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። አስጎብኚዋ ቀጥላ «በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተባርኳል፣ እስከ ዛሬም ነው» አለች። ውድነሽ ተመልሳ ምሰሶውን እንደገና ሳመችው። ቤዚ ይህን አይታ በጣም ሳቀች። እናቷ ያን ሳቅ ከሰማች ዓመታት አልፈው ነበርና ደስ አላት፤ ያን ዕለት ጉልበቷ አላመማትም ብትል እንኳ እናምናታለን።

በሦስተኛው ቀን ወንዙን ሲሻገሩ ማዶ ባለው ክብ ግንብ አናት ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ቆሟል። ውድነሽ እልል ልትል ስትል አፏን ይዛ መለሰችው። የቫቲካኑ የጴጥሮስ አደባባይ ደረሱ፤ አስጎብኚዋ የመጨረሻውን ታሪክ ተናግራ ጃንጥላዋን አጠፈች። ቡድኑ አይስክሬም ሊበላ ተበተነ። ቤዚም ጋሪውን አቁማ «ተመስገን፣ አለቀ» አለች።

«አንድ ጥግ ቀርቶናል» አለች ውድነሽ፤ አለችና መንገድ ጀመረች።

ግንቡ እንደ ድሮው ነው። ዳገቱ ግን ድሮ ይህን ያህል አልነበረም፤ ወይም እግሯ ነው እንዲህ ያልነበረው። በቀኝ እጇ ግንቡን እየዳሰሰች ወጣች። ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር በየእርምጃው ይቆርጣታል። ጥርሷን ነከሰች። ዶክተሩ ሊያምዎት ይገባል ያለው ይህን ከሆነ አዎን፣ ያማል፤ ታዲያ ማን አያምም አለ?

«ውድዬ! ሽሉስ! በቃ!» አለች ቤዚ ከኋላ። «ጉልበትሽን እዪው፣ ዱባ አክሏል። ወይ ትቀመጫለሽ ወይ እንመለሳለን።»

«አንድ ጥግ ነው የቀረን።»

«ጥጉ አላልቅ አለ እኮ!»

«ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እንዳንቺ የጉልበት አርትሮዘ የለበትማ!» አለች ቤዚ። ከጧት ጀምራ ቆማለች፤ ጋሪውን ስትገፋ መዳፏ ተልጧል፤ ሙቀቱም አናቷን መትቷታል። «እንግዲያው እኔ እቀመጣለሁ» ብላ ጋሪው ላይ ዘፍ አለች።

«ተነሺ!»

የውድነሽ ጩኸት ማዶ ያለውን መንገደኛ አቆመው።

«ተነሺ አልኩሽ! በእግርሽ! በእግርሽ ብዬ ነው የተሳልኩት!»

ቤዚ ተነሳች። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ እንዲህ ጮኻባት አታውቅም። «ምንድን ነው የተሳልሽው?» አለች ቀስ ብላ።

ውድነሽ ግንቡን ተደግፋ ነገረቻት። ወይዘሮዋን፣ ሐሙሶቹን፣ ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው የሚያልፉትን ሴቶች፣ ዘበኞቹን፣ ጥጉን፣ የተናገረችውን ቃል እንዳለ ነገረቻት። «ጥዬሽ ሄጃለሁ» አለች በመጨረሻ። «እውነትሽን ነው ያልሽኝ። ግን በሄድኩበት ሁሉ አንቺን እንዲሰጠኝ ስለምን ነበር።»

ቤዚ ዞር ብላ ጋሪውን አየችው።

«ሆኽስት ላይ አልታመምሽም ነበር ማለት ነው» አለች።

«አልታመምኩም። እየተሳለምኩ ነበር።»

«አምቡላንስ ሲመጣ፣ እኔ ነፍሴ ሊወጣ ሲል ዝም አልሽ።»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን ጋሪ ድንጋይ ላይ ስገፋ!» ብላ ልትቆጣ ጀመረች፤ ሳቋ ቀደማት። ከሳቁ መሐል ደግሞ እንባው መጣ። በእጇ ጀርባ ጠርጋ «እዚህ ቆመሽ ታለቅሺ ነበር?» አለች።

«ግንቡን ጠይቂው።»

ቤዚ ጋሪውን አጠፈችና በብብቷ ያዘችው። በሌላ እጇ የእናቷን ክንድ ልትይዝ ስትል ተወችው፤ በራሷ እግር መሄድ እንዳለባት ገብቷት ነበር። ጎን ለጎን ሆነው፣ እያረፉ፣ እየተነሱ ወጡ። ግንቡ የሚታጠፍበት ጥግ ደረሱ። ከላይ የዛፍ ጫፍ ይታያል፤ ዛፉ አድጓል።

ውድነሽ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። ግንባሯን ግንቡ ላይ አደረገች። «ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ዘገየሁብህ» አለችው። «ይኸውልህ። በእግሯ ነው የመጣችው። ታች አንድ ጊዜ ተቀምጣለች፤ እሷን እለፋት፣ አላወቀችም።»

ከታች ፊሽካ ተነፋ። ፍራው ሃርትቪግ ሁለቱ ቀርተው ሲያጡዋቸው ፍለጋ ዳገቱን ወጥተው ኖሯል። ያቺ ሴትዮ እንደገና ግድግዳ ላይ ተደፍታ ሲያዩ ስልካቸውን አውጥተው እየሮጡ መጡ። ቤዚ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ደህና ናት» አለቻቸው በጀርመንኛ። «ሰላም እያለች ነው።»

«ማንን?» አሉ እያለከለኩ።

ቤዚ አሰበች። «እኔን ሲጠብቅ የኖረ ሰው እዚህ ውስጥ አለ» አለች።

ከዚያ ዞራ ከእናቷ አጠገብ ቆመች። እንዴት እንደሚደረግ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ሰርቃ አየቻትና እሷም ግንባሯን ግንቡ ላይ አስደገፈች። ግንቡ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሞቆ ነበር። ፍራው ሃርትቪግ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ፊሽካቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ።

እዚህ ላይ ቤዚ «እማዬ» አለቻት ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ የሚለው አንባቢ ብዙ ነው። አላለቻትም። «ውድዬ፣ ጨረስሽ?» ነው ያለቻት።

ውድነሽ ቀና አለች። ግንቡን ስማ ፊቷን ጠረገች፤ የታጠፈውንም ጋሪ አየችው።

«ጨረስኩ። ዘርጊው» አለች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ኡህ» ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሸሸችው ወንበር ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «በይ እንግዲህ፣ አሁን ግፊኝ።»